ከአርክቴክትነት ወደ ከተማ ፕላነርነት፤ መንገዱ በየት በኩል ነው?

አርክቴክቸር ተምሮ የጨረሰ ወጣት አሶሳ ውስጥ ሥራ ቢጀምር መጀመሪያ የሚቀርብለት የአንድ ሰው ቤት ወይም ሆቴል ንድፍ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ይታወቃል፣ ቦታውም ተለክቶ ተሰጥቷል። የከተማ ፕላነር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ደንበኛው የከተማው ሕዝብ ነው፤ ገና ያልተወለደው ጭምር። ለመሆኑ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል?

አገራችንን የሚነካ አንድ ምሳሌ እናንሳ። እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ እ.ኤ.አ. በ1879 ተወለዱ። ሙያውን የጀመሩት በአርክቴክቶች ቢሮ ሲሆን፣ ቀጥሎ በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1910 የተጀመረ የከተማ ፕላን መጽሔት አዘጋጅ ነበሩ (እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህቺን ልብ እንበላት!)። እ.ኤ.አ. በ1915 የከተማ ንድፍ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1943 እና በ1944 የለንደንን ፕላኖች ካዘጋጁ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ደግሞ ለአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሠሩ። የቀለበት መንገድና የሳተላይት ከተሞች ሐሳብ በዚያ ፕላን ውስጥ ነበረበት።

የሰውዬው አሠራር ዋና ቁም ነገር ቀላል ነው፤ ከመንደፍ በፊት ማጥናት። መሬቱን፣ ነዋሪውን፣ ሥራውን፣ መጓጓዣውን።

ይህን ወደ አሶሳ እናምጣው። ፕላነሩ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሕንፃ መልክ አይደለም። የክረምቱ ጎርፍ በየት ይወርዳል? ወደ ባምባሲና ወደ ኩርሙክ የሚሄደው መኪና ገበያተኛውን ሳያጨናንቅ በየት ይለፍ? ከተማው ሲሰፋ ዳር ላይ ማሽላ የሚዘራው፣ ማንጎ የተከለው ገበሬ የት ይግባ? የቤት ንድፍ ቢሳሳት የሚጎዳው ባለቤቱ ነው። የመንገድ መስመር ያለ ጥናት ከተሰመረ ግን አንድ ሰፈር በሙሉ ይነሳል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ወደ ሙያው የሚወስደው በር አገር ውስጥም አለ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1954 የተጀመረው የሕንፃ ትምህርት በኋላ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ዘንድ ደርሷል። አርክቴክቱ እዚያ የከተማ ፕላን ትምህርት ሊጨምር ይችላል። ካርታና የሕግ እውቀትም ያስፈልገዋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላንን በሁለት ከፍሎታል፤ የከተማውን አጠቃላይ አቅጣጫ የሚያሳይ መዋቅራዊ ፕላንና ለአንድ ሰፈር የሚወጣ የአካባቢ ልማት ፕላን። ሕዝቡ በረቂቁ ላይ እንዲወያይም ይጠይቃል።

እንግዲህ እርሳስ ከመያዝ ይልቅ ከባዱ ነገር ማዳመጥ ነው። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው፣ ከሌላ አካባቢ መጥቶ የሰፈረውም በሚኖርበት ክልል አንዱን ሰምቶ ሌላውን የዘለለ ፕላን ወረቀት ላይ ቢያምርም መሬት ላይ አይቆምም። ውድ አንባቢ፣ በከተማዎ የፕላን ውይይት ሲጠራ አይቅሩ። እኛም ማስታወሻ ደብተራችንን ይዘን እዚያው እንገናኝ።