አምፕሊፋየርና ጡሩምባ በአንድ ሒሳብ

የድምፅ መሣሪያ በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋት ነው። መቶ ዋት ከኀምሳ፣ ኀምሳም ከዐሥር ይበልጣል ተብሎ ስለሚታመን ነጋዴው ቍጥሩን በካርቶኑ ላይ በትልቁ ያስጽፋል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ዳሩ ግን ባለቫልቭ አምፕሊፋየር በገዛ እጃቸው የሚበይዱና የድምፅ ማጉያውንም ሣጥን ራሳቸው የሚያንጹ ሰዎች በስምንት ዋት ብቻ ሰፊ ክፍል ይሞላሉ። ምስጢሩ ያለው በጡሩምባው ነው። አምፕሊፋየርና ጡሩምባ በአንድ ሒሳብ ሊታሰቡ የሚገባቸው ዕቃዎች ናቸው፤ ይህን ያልተገነዘበ ሠሪ ገንዘቡን የሚያወጣው በማያስፈልግ ቦታ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሲኒማ ቤት ነው። ዋርነር ወንድማማቾች ዶን ጁዋን የተባለውን ፊልም ከተቀዳ ሙዚቃ ጋር በኒውዮርክ ለሕዝብ ያሳዩት ኦገስት 6 ቀን 1926 ዓ. ም. ነበር (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። መሣሪያውን የሠራው ዌስተርን ኤሌክትሪክ ነው። ቫልቭ ማለት አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የብርጭቆ አምፑል ሲሆን፣ በውስጡ ከጋለው ሽቦ የሚፈልቀውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ደካማው የድምፅ ምልክት እንደ ቧንቧ መክፈቻ እየከፈተና እየዘጋ ያዝዘዋል። በዚያ ዘመን ከአንድ ቫልቭ የሚገኘው ጥቂት ዋት ብቻ ነበርና፣ መሐንዲሶቹ የጐደለውን ኀይል በትልልቅ ጡሩምባ ለመሙላት ተገደዱ። ዋት ውድ፣ እንጨትና ቆርቆሮ ርካሽ ስለ ሆነ ድካማቸውን በርካሹ ላይ አደረጉት።

የድምፅ ማጉያው የወረቀት ሾጣጣ በባዶ አየር ላይ ሲርገበገብ ድካሙ አብዛኛው ከንቱ ይቀራል፤ አየሩ እጅግ ቀላል ስለ ሆነ አይቋቋመውም። ከሚጐርሰው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለወጠው በተራው ሣጥን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ጡሩምባ ግን በጠባቡ ጕሮሮው አየሩን አፍኖ ለሾጣጣው ሸክም ይሰጠዋል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ እየሰፋ ግፊቱን ለሰፊው አየር ያስረክባል። ሁለት እጁን በአፉ ዙሪያ ከልሎ ከማዶ ያለውን ጓደኛውን የሚጣራ እረኛ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው።

ችግሩ የወፍራሙ ድምፅ ነው። በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ጡሩምባው ይህን ድምፅ በደንብ እንዲያወጣ የአፉ ዙሪያ ቢያንስ ከሞገዱ ርዝመት ጋር መተካከል ይገባዋል። እንግዲህ የአፉ ወርድ 2 ሜትር ከ70፣ ስፋቱም ወደ 6 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ነው ማለት ነው። ይህን በሳሎኑ ሊያስገባ የሚፈቅድ ባለቤት፣ ይልቁንም የምትፈቅድ ባለቤት፣ በቀላሉ አትገኝም። በዚሁ ሒሳብ ጡሩምባው ከጕሮሮው ጀምሮ በየ47 ሳንቲ ሜትሩ ስፋቱን እጥፍ እያደረገ መሄድ አለበት፤ ከዚያ ፈጥኖ ከሰፋ ወፍራሙን ድምፅ አይሸከምም።

መፍትሔውን ካገኙት ሰዎች አንዱ ሚስተር ፖል ክሊፕሽ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ በአርካንሳስ ግዛት፣ ሆፕ በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ በነበረው የጦር መሣሪያ መፈተሻ ሜዳ የሚያገለግሉ መኰንን ነበሩ። ሐሳባቸው ቀላል ነው፤ ጡሩምባው በወለል ላይ ቢቀመጥ የሚያስፈልገው የአፍ ስፋት በግማሽ ይቀንሳል፣ ወለልና ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ ቢቀመጥ ሩብ ይሆናል፣ ሁለት ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ግን አንድ ስምንተኛው ይበቃል። ስለዚህ ያ 6 ካሬ ሜትር ወደ ሦስት ሩብ ካሬ ሜትር ወረደ፤ የቀረውን ጡሩምባ ቤቱ ራሱ ሠራው። ርዝመቱንም በሣጥኑ ውስጥ እያጠፉ ደበቁት። በ1941 ዓ. ም. ጥናታቸውን አሳተሙ፣ በ1943 ዓ. ም. የፓተንት መብት ተሰጣቸው፣ በ1946 ዓ. ም. በዚያችው በሆፕ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሥራውን ለንግድ ጀመሩ። በስማቸው ክሊፕሽሆርን የተባለው ይህ ዕቃ እሳቸው በ2002 ዓ. ም. ካረፉ በኋላም በካምፓኒያቸው እየተሠራ ይሸጣል።

እንደ ፋብሪካው መግለጫ ክሊፕሽሆርን በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 105 ዴሲቤል ይሰጣል። ከገበያ የሚገዛው ትንሽ ሣጥን ብዙውን ጊዜ 85 ያህል ነው። በመካከላቸው ያለው 20 ዴሲቤል ትንሽ ቍጥር ይመስላል፤ በኀይል ሲተረጐም ግን መቶ እጥፍ ነው። በጡሩምባው አንድ ዋት የሠራውን በትንሹ ሣጥን ለመሥራት መቶ ዋት መግዛት ያስፈልጋል። ዌስተርን ኤሌክትሪክ በ1938 ዓ. ም. ያወጣውና 300ቢ የተባለው ቫልቭ ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠው 8 ዋት ያህል ሆኖ ሳለ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በውድ ዋጋ የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስለ አምፕሊፋየሩ ከተነሣ የእንግሊዙን የሚስተር ዊሊያምሰንን ሥራ ማለፍ አይቻልም። ኤም. ኦ. ቫልቭ በተባለው ካምፓኒ ይሠሩ የነበሩት እኚህ ወጣት መሐንዲስ፣ በ1947 ዓ. ም. በአፕሪልና በሜይ ወር ዋየርለስ ወርልድ በተባለው መጽሔት ላይ የ15 ዋት አምፕሊፋየር ዕቅድ አወጡ። ኬቲ66 የተባሉ ሁለት ቫልቮች በመጨረሻው ክፍል ይሠራሉ፤ ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱ ወደ መጀመሪያው እየተመለሰ ስሕተቱን ስለሚያርም፣ የድምፁ መዛባት ከመቶ አንድ ዐሥረኛ እጅ በታች ነበር። የመውጫው ትራንስፎርመር ሽቦ እንዴት እንደሚጠመጠም ሳይቀር በዝርዝር ተጽፎአል። ለነጋዴ ትምህርት የሚሆነው ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ዕቅዱን መጽሔቱን የገዛ ሁሉ ስላገኘው፣ ገንዘቡን ያገኙት ትራንስፎርመሩን በተባለው ልክ ጠምጥመው ያቀረቡ ቤቶችና ክፍሎቹን በአንድ ካርቶን አሰናድተው የሸጡ ካምፓኒዎች ሆኑ። በአሜሪካ ሂዝ የተባለው ካምፓኒ ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመውን የዊሊያምሰን ዐይነት አምፕሊፋየር በ1950ዎቹ ዓመታት ሸጦአል።

ይሁን እንጂ በእጅ የተሠራ ዕቃ ለገበያ የሚበቃው ተፈትኖ ነው፤ ብዙ ሠሪ የሚሰንፈውም እዚህ ላይ ነው። «ጆሮዬ ወደደው» የሚል ምስክርነት ለባለቤቱ ይበቃል፣ ለገዢ ግን አይበቃም። አዲስ አምፕሊፋየር መጀመሪያ በጡሩምባው ላይ አይቀጠልም፤ በመውጫው ላይ 8 ኦም የሆነ ወፍራም ሬዚስተር ታስሮ፣ በሴኮንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ ንጹሕ ምልክት በመግቢያው ይሰጠዋል። ምልክቱ ቀስ እያለ ሲጨመር በኦሲሎስኮፑ መስታወት ላይ የሞገዱ ጫፍ ጠፍጣፋ መሆን በሚጀምርበት ቦታ ቮልቱ ይነበባል። 8 ቮልት ከሆነ 8 ዋት ነው። በካርቶን ላይ ሊጻፍ የሚገባው ቍጥር ይህ ነው። ፈተናው በ40 እና በ10,000 ይደገማል፤ ርካሽ ትራንስፎርመር የሚጋለጠው በ40ው ላይ ነው፣ ብረቱ ስለሚጠግብ ሞገዱ ይጣመማል።

ከዚያ የሚከተለው ፈተና ስለ ጕምጕምታ ነው። መግቢያው ተዘግቶ ምንም ሳይሰጠው በመውጫው ላይ የሚቀረው ቮልት ይለካል። አንድ ሚሊቮልት ብቻ ቢቀር በ85 ዴሲቤሉ ሣጥን 16 ዴሲቤል ገደማ ስለሚሆን የሚሰማው የለም። በጡሩምባው ግን 36 ይሆናል፤ በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ሙዚቃው ባረፈ ቍጥር ይሰማል። ጡሩምባ ደካማውን አምፕሊፋየር የሚያበረታውን ያህል ጕድለቱንም አደባባይ ያወጣል። ብዙ ጊዜ «ጡሩምባው ይጮኻል» ተብሎ የሚከሰሰው በእውነቱ ያልተጣራ ኤሌክትሪክ ወይም በትክክል ያልታሰረ የመሬት ሽቦ ነው። ሠሪው ጕምጕምታውን ከአንድ ሚሊቮልት እጅግ ዝቅ ሳያደርግ ዕቃውን ለገዢ ቢያስረክብ በማግስቱ ይመለስበታል።

የሣጥኑ ፈተና ከዚህ ይቀላል። ከሾጣጣው በስተኋላ ያለው ክፍል አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ሊኖረው አይገባም፤ ሾጣጣው በጣት ቀስ ተብሎ ተገፍቶ ሲለቀቅ እያዘገመ ከተመለሰ ክፍሉ ተዘግቶአል። ቀጥሎ ከ200 እስከ 40 ምልክቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ኮምፔንሳቶው የሚንቀጠቀጥበት ቦታ በእጅ ይፈለጋል፣ በሙጫና በቡሎን ይጠብቃል። ከ40 በታች ጡሩምባው ሸክሙን ስለሚጥል ምልክቱን ማብዛት ሾጣጣውን ይጐዳል። የማዕዘን ጡሩምባ ግን መለካት ያለበት በማዕዘኑ ተቀምጦ ነው፤ በደጅ ወይም በሱቅ መካከል የሚለካው ከቦታው ተፈናቅሎ የጐደለ ዕቃ ነው። ግድግዳው በር ወይም መስኮት ያለበት ከሆነም ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፤ ይህን ለገዢው ከሽያጩ በፊት መንገር የሻጩ ግዴታ ነው።

በሥራው ላይ የሞት አደጋ እንዳለም ሳይነገር አይታለፍም። በዊሊያምሰን ዐይነቱ አምፕሊፋየር ውስጥ ወደ 450 ቮልት ይገኛል። ኮንደንሰሮቹ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪኩን ይዘው ስለሚቈዩ፣ እጅ ከመግባቱ በፊት በሬዚስተር በኩል ባዶ መሆናቸው በሜትር መረጋገጥ አለበት። ሠራተኛው ብቻውን ባይሆን፣ አንድ እጁንም በኪሱ ቢያደርግ ይሻላል።

ወደ ንግዱ ስንመለስ፣ ትልቁ ሥጋት የቫልቮቹ መገኛ ነው። ትራንዚስተር ገበያውን ከያዘ ወዲህ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘግተዋል፤ ዌስተርን ኤሌክትሪክም የ300ቢን ሥራ በ1988 ዓ. ም. አቋርጦ ነበር። ዛሬ አብዛኛው አዲስ ቫልቭ የሚመጣው ከስሎቫኪያ፣ ከሩስያና ከቻይና ነው። በ2022 ዓ. ም. ማርች ወር የሩስያ መንግሥት የወጪ ንግድ እገዳ ሲያወጣ፣ በሳራቶቭ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካ የሚመጣው ለጊዜው ቆሞ ገዢዎች በየሱቁ ተሻምተዋል። አምፕሊፋየር ለሽያጭ የሚሠራ ሰው የሚቀይረውን ቫልቭ ከሁለት አገር ማግኘት የሚያስችለውን ዐይነት ቢመርጥ፣ ከእያንዳንዱም ዕቃ ጋር ተለዋጭ ጥንድ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።

እንጨቱ፣ ሙጫውና የአናጢው እጅ በየአገሩ የሚገኝ ነው። ከውጭ የሚመጣው የኀይል ትራንስፎርመር ግን በኢትዮጵያ ለሚሠራ ሰው ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ለአሜሪካ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ሳይክል ነው፤ የእኛ አገር መብራት ግን 220 ቮልትና 50 ሳይክል ነው። ቮልቱ ብቻ በመቀነሻ ቢስተካከል፣ በ60 ሳይክል ልክ የተቈረጠው ብረት በ50ው ከአምስት አንድ እጅ የበለጠ ይጫነዋል፤ ይግላል፣ ይጕመጐማል፣ ጡሩምባውም ያንኑ ጕምጕምታ አጕልቶ ያሰማል። በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ቍጥሮች መጻፍ አለባቸው።