ከካናዳ ወደ ሰበታ፦ ወላጅን ስለመፈለግ የሚባለውና እውነታው

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በጉዲፈቻ ወደ ካናዳ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ዛሬ ራሳቸውን የቻሉ ወጣቶች እየሆኑ ነው። ከእነሱ መካከል ወላጆቻቸውን ለመፈለግ የተነሡ አሉ። በእጃቸው ያለው ወረቀት በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ የቦታ ስም የማያልፍ ከሆነ ሁለት ተቃራኒ ምክሮች ይደርሷቸዋል። አንዱ «እዚያ አገር መዝገብ የሚባል ነገር የለም፤ በከንቱ አትድከሙ» ይላል። ሌላው ደግሞ «አገሬው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ አንድ አስጎብኚ ይዛችሁ ስም ብትጠሩ በአንድ ቀን ይገኛሉ» ይላል። ሁለቱም የሳቱት አንድ ነገር ነው። ወረቀትም አለ፣ የሰው ትውስታም አለ፤ አንዱ በሌላው ሳይፈተን ብቻውን ሲታመን ግን ሁለቱም ያሳስታሉ። ጥሩ አፈላላጊ የሚከፈለውም ስም ለማግኘት ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ለማስተያየት ነው።

«መዝገብ የለም» የሚለው እምነት የመጣው ካናዳን መለኪያ ከማድረግ ነው። እዚያ የዘር ሐረግ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ነው፤ ቅጹ 92 ዓመት ሲሞላው ለሕዝብ ክፍት ስለሚሆን የእ.ኤ.አ. 1931 ቆጠራ በ2023 ተከፍቷል። የኩቤክ ደብሮች መዛግብት ደግሞ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይዘልቃሉ። በእኛ አገር የመጀመሪያው ብሔራዊ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም ሥራ ላይ መዋሉን ለሌላ ጊዜ አቆይቶት ነበር፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ 760 በ2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ስለዚህ የካናዳን ዓይነት መዝገብ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሌላ ዓይነት ወረቀት ግን ሞልቷል፤ የቀበሌ የቤተሰብ ፋይል፣ ልጁ ተጥሎ ከተገኘ የፖሊስ ጣቢያ ደብዳቤ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ ከሁሉም በላይ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የጉዲፈቻ መዝገብ። ፍርድ ቤቱ የጉዲፈቻውን ውል ያጸደቀው ልጁን ማን እንደሰጠ፣ በምን ምክንያት እንደሰጠና የትኛው መሥሪያ ቤት እንደመሰከረ አይቶ ነው። ፍለጋውን ከዚህ መዝገብ መጀመር ይበጃል እላለሁ፤ አገናኝ ድርጅቶች ይዘጋሉና። ኢማጂን አዶፕሽን የተባለው የካናዳ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከስር ከኢትዮጵያ ልጅ የሚጠብቁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች መሐል መንገድ ላይ ቀርተዋል።

ወረቀት አለ ማለት ግን ወረቀት ሁሉ ይታመናል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የልደት ምስክር ወረቀትን የመጨረሻ ማስረጃ ያደርገዋል። ከ2008 በፊት የነበረው ወረቀት ብዙ ጊዜ ልጁ ከተወለደ ከዓመታት በኋላ በሰው ቃል የተሰጠ ነው፤ በጉዲፈቻ የሄዱት ልጆች ወረቀት ላይ ደግሞ በአባትና በእናት ቦታ የአሳዳጊዎቹ ስም የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ቀኑም ይፈተናል። «1/5/1998» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ልደት ጥር 1 ቀን ነው፤ በፈረንጁ ጃንዋሪ 9 ቀን 2006 ላይ ይውላል። ቀኑ ሳይቀየር ከተነበበ በልጁ ዕድሜ ላይ ስምንት ዓመት ገደማ ይጨመራል። በስምም በኩል ጫልቱ የምትባል ልጅ በድሮው የአማርኛ ፋይል በ«ጫ» ትገኛለች፤ በኦሮሚያ ጽሕፈት ቤቶች ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ሲጻፍ ስሟ በ«ሲ» ብቻ ይጀምራል፤ በካናዳ ፓስፖርቷ ላይ ግን «ሲ» እና «ኤች» ተከታትለው ይገኛሉ። በቁቤ እነዚያ ሁለት ፊደላት ሲጣመሩ የ«ቸ» ድምፅ ስለሚሰጡ ፓስፖርቱን አይቶ የሚፈልግ የመዝገብ ሠራተኛ ሌላ ስም እየፈለገ ነው። ያልተገኘችው መዝገብ ስለጠፋ ሳይሆን በአንድ ፊደል ምክንያት ሊሆን ይችላል።

«አገሬው እርስ በርሱ ይተዋወቃል» የሚለው ምክር ደግሞ ቦታዎቹን ካለማወቅ ይመጣል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2000 በተቋቋመው የፊንፊኔ ዙሪያ ኦሮሚያ ልዩ ዞን ውስጥ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ ከአጎራባቾቻቸው ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆኑ። በየጊዜው የወረዳውና የቀበሌው ስም ሲለወጥ ፋይሉም አብሮ ቦታ ይቀይራል፤ «ቡራዩ፣ ቀበሌ እንዲህ» የሚለውን አድራሻ የያዘ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የዚያ ቀበሌ ፋይል ዛሬ በየትኛው ክፍለ ከተማ እጅ እንዳለ ነው። ከዚያም በላይ ሰበታ ላይ ልጅ የወለደ ሁሉ የሰበታ ሰው አይደለም። ፋብሪካውና የአበባ እርሻው፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ውድነትም፣ ከወለጋ፣ ከጉራጌ፣ ከጋሞና ከሌላም ቦታ ብዙ ሰው አምጥቷል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቦታ እናቲቱ ያኔ ተከራይታ የነበረችበት ሊሆን ይችላል፤ ዘመዶቿ ያሉት ግን ሌላ ዞን ውስጥ ነው። በመስከረም 2011 በቡራዩ ነዋሪዎች ላይ በደረሰው ጥቃትም ሆነ ኋላ በሸገር ከተማ በተካሄደው የቤት ፈረሳ ብዙ ጎረቤት ተበታትኗል፤ ስለዚህ የዛሬ ጎረቤት የያኔውን ላያውቅ ይችላል።

ሽማግሌዎችስ? በኦሮሞ ባህልም ሆነ በኦርቶዶክሱ ዘንድ ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ስለሚቆጠር በገጠሩ በኩል የአባትን ሐረግ በቃሉ የሚዘረዝር ሰው ማግኘት አያስቸግርም። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ለወላጅ ፍለጋ ግን አንድ ክፍተት አለበት። በቃል የሚዘረዘረው የስም ሐረግ በአብዛኛው ወንድ ወንዱን ተከትሎ ይሄዳል። በጉዲፈቻ ከሄዱት ልጆች የብዙዎቹ ጥያቄ ደግሞ እናት ናት፤ እሷ በሐረጉ ውስጥ ብዙም አትጠራም፣ በሰፈር የምትታወቀውም ብዙ ጊዜ በልጇ ስም «የእገሌ እናት» ተብላ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ከአባወራዎቹ ባሻገር የሴቶች ዕድር ዘንድ፣ አዋላጆች ዘንድ፣ አብረው ቡና የጠጡ ጎረቤቶች ዘንድ መድረስ አለበት።

እዚህ ላይ «ምራቅ ልኬ ዲኤንኤ ባስመረምር ይህ ሁሉ ድካም ይቀርልኛል» የሚል ይነሣል። ዲኤንኤ የማይተካ ሥራ አለው፦ በወላጅነት የቀረበ ሰው በእርግጥ ወላጅ መሆኑን በማያሻማ መንገድ ይለያል። ማንንም ግን ከሰበታ ጠርቶ አያመጣም። የንግድ ኩባንያዎቹ ቋት የሚያመሳስለው ከተመረመሩ ሰዎች ጋር ብቻ ነው፤ በውስጡ ያሉ ኢትዮጵያውያን ጥቂት ሲሆኑ ከእነሱም መካከል ራሳቸው በጉዲፈቻ የሄዱ አሉ። የዘር መቶኛ የሚያሳየው ካርታም ቀበሌን አይነግርም። ስለዚህ ምርመራው የሚመጣው ፍለጋው አንድ ሰው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያኔ መዝለል አይገባም፣ ልቅሶውና መተቃቀፉ ማስረጃ አይደሉምና።

በእኛ አገር ለወላጅ አፈላላጊ የተለየ የሙያ ፈቃድ ስለሌለ «ማንኛውም አስተርጓሚ ይሠራዋል» ማለት ቀላል ነው። ልዩነቱ የሚታየው በአሠራሩ ነው። ጥሩ አፈላላጊ አማርኛንም ኦሮምኛንም ይችላል፤ ሲጠይቅ የልጁን ታሪክ አስቀድሞ አያወራም። «በ1998 ሴት ልጅ የሰጠች እናት ታውቃላችሁ ወይ? የልጇ ስም ጫልቱ ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው መልሱን ራሱ ሰጥቷል፤ የሚመጣለትም ያንኑ የሚደግም ነው። በጥንቃቄ የሚሠራው ያን ዝርዝር ለራሱ ይዞ ሌላው ሰው ሳይነገረው እስኪናገረው ይጠብቃል። ክፍያውም በሥራ ቀን እንጂ በውጤት መሆን የለበትም። «ካገኘሁ ብቻ ክፈሉኝ» የሚለው ውል ለደንበኛው የሚያደላ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሳያገኝ አገኘሁ እንዲል የሚገፋው ይኸው ነው። ድህነት ባለበት ቦታ «እናቱ ነኝ» ብላ የምትመጣ ሴት ሁሉ አታላይ ናት ማለቴ አይደለም፤ ልጇን የሰጠች ሌላ እናት በቅን ልቦና ልትሳሳት ትችላለች።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ እናቲቱ ዛሬ ባል አግብታ፣ ስለዚያ ልጅ ለማንም ሳትናገር የምትኖር ቢሆንስ? ልጁ ለአሳዳጊዎቹ ተሰጥቷል፣ ነገሩ አልቋል የሚሉም አሉ። ሕጉ ግን አልቋል አይልም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 183 ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ በኖረው የኦሮሞ የጉዲፈቻ ሥርዓትም ልጁ ወላጆቹን ማወቁ ነውር አይደለም። በጥር 2010 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን ሲከለክል ያነሣው ሥጋትም ልጆቹ በባዕድ አገር ማንነታቸውን ያጣሉ የሚል ነበር። ስለዚህ ልጁ የመጠየቅ መብት አለው፤ እናቲቱ ደግሞ በአደባባይ ያለመጋለጥ መብት አላት። ፎቶዋንና ስሟን በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ፣ ካሜራ ይዞ በር ማንኳኳት ይህን መብት ይጥሳል። አፈላላጊው ብቻዋን አግኝቷት፣ የመጣበትን ነገር ለእሷ ብቻ ነግሮ፣ «አሁን አልችልም» ካለች ደኅና መሆኗን ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ሐሳቧን ከቀየረች የምትደውልበትንም ስልክ ይተውላታል። ይህን በውሉ ላይ አስቀድሞ ለመጻፍ የማይስማማ አፈላላጊ ቢቀር ይሻላል።