ደቡብ አፍሪካ፦ የሚታየውና የማይታየው

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሙዱላ ደቡብ አፍሪካ የምትገመተው በዓይን በሚታየው ነው፦ ወደዚያ የተሰደዱ ልጆች በላኩት ገንዘብ በቆመ ቤት፣ ፌስቡክ ላይ በተለጠፈ ፎቶ። ያልተሳካለት ሰው ቤት አይሠራም፣ ፎቶም አይለጥፍም። ስለዚህ ሰፈሩ የሚቆጥረው የተሳካላቸውን ብቻ ነው፤ ትልቁ ስህተትም እዚህ ላይ ነው።

ደቡብ አፍሪካ የደረሰ አዲስ ስደተኛ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው «ሎኬሽን» በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ነው። ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሞ ቤት ለቤት በዱቤ ይሸጣል፤ ወር ሲደርስ ተመልሶ ይሰበስባል። የሚከፍል አለ፣ የሚክድም አለ፤ ጥሬ ገንዘብ ይዞ እንደሚዞር ደግሞ ዘራፊው ያውቃል። የመጀመሪያው ገቢም የሚሄደው ለመንገድ የተበደረውን ለመክፈል ነው። ስፓዛ የምትባለዋን ትንሽ ሱቅ የከፈተውም ቢሆን ሥጋት አይለየውም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2019 በውጭ ዜጎች ላይ በተነሳው ሁከት ብዙ ሱቆች ተዘርፈዋል።

ወደዚያ የሚወስደው የስደት መንገድም አደገኛ ነው፤ በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ ያልፋል። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተገለጸ። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ።

የምንዛሪ ተመኑም ግምቱን ያሳብጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ተመኑ ለገበያ ከተተወ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቤተሰብ እጅ የሚደርሰው ብር በዛ፤ ላኪው በራንድ የሚያገኘው ግን በዚህ ምክንያት አልጨመረም።