የፍሬቻ ጥድፊያ ምን ይነግረናል?

የመኪና ፍሬቻ ሲበራ ዳሽቦርዱ ላይ የምትታየው አረንጓዴ ቀስት አንዳንድ ጊዜ ከወትሮው እጅግ በፈጠነ ምት ብልጭ ድርግም ትላለች። አንዳንድ አሽከርካሪዎች ነገሩን ችላ ይሉታል፤ ሌሎች ደግሞ ፍላሸሩ ተበላሽቷል ብለው አዲስ ይገዛሉ። የጥድፊያው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የተቃጠለ አንድ አምፖል ነው። ይህም ማለት ከኋላ ወይም ከፊት ያለው ሾፌር መታጠፋችንን ላያውቅ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የፍሬቻን አሠራርና የብልሽቱን አፈላለግ እንመለከታለን።

አሠራሩ

በአንድ ወገን ያሉት የፊትና የኋላ አምፖሎች እያንዳንዳቸው በብዙ መኪኖች 21 ዋት ናቸው። ባትሪው 12 ቮልት ስለሆነ 21 ለ12 ሲካፈል በአንዱ አምፖል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት 1.75 አምፔር ይሆናል፤ በሁለቱ 3.5 አምፔር ማለት ነው። አንዱ ሲቃጠል ጅረቱ በግማሽ ይቀንሳል።

በአሮጌ መኪኖች ፍላሸር ውስጥ በሙቀት የሚለጠጡበት መጠን የሚለያይ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው ይገኛሉ። ጅረቱ ሲያግላቸው ይታጠፉና መስመሩን ይቆርጣሉ፤ ሲቀዘቅዙ ተመልሰው ይገጥማሉ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ግን ጅረቱ ይለካል፤ ቀንሶ ከተገኘ ሾፌሩን ለማስጠንቀቅ ምቱ ሆን ተብሎ ይፈጥናል። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ጤናማው ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ነው።

አፈላለጉ

በመጀመሪያ መኪናውን አቁመን የአደጋ ጊዜ መብራቱን እናበራለን፤ ከዚያም ዙሪያውን ተመልክተን የማይበራውን አምፖል እንለያለን። ቀጥሎ ያሉት ምልክቶች ይረዱናል።

ጥድፊያው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ የዚያን ወገን አምፖሎች እንመርምር። አዲስ አምፖል ተገጥሞም ካልበራ የአምፖሉ መያዣ ዝጎ ወይም ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ሽቦ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው አብሮ የሚደበዝዝ ከሆነ ይህ ጥርጣሬ ይጠነክራል፤ መመለሻ ያጣው ጅረት በሌሎች አምፖሎች በኩል መንገድ ይፈልጋልና።

በሁለቱም ወገን ምንም ሳይበራ የአደጋ ጊዜ መብራቱ ግን የሚሠራ ከሆነ አምፖሎቹ ደህና ናቸው፤ የፍሬቻውን ፊውዝና በመሪው ሥር ያለውን ማብሪያ እንፈትሽ። ሁለቱም ካልሠሩ ፊውዞቹንና ፍላሸሩን እንመርምር።

የውጭዎቹ መብራቶች በትክክል እያበሩ ቀስቷ ብቻ ከጠፋች ችግሩ ከዳሽቦርዱ ነው፤ የቀስቷን አምፖል ወይም መገናኛዋን መመልከት ይበቃል።

የተለመደውን አምፖል አውጥተው በኤል.ኢ.ዲ. የተኩም ጥድፊያ ያጋጥማቸዋል። ኤል.ኢ.ዲ. የሚወስደው ጅረት እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ፍላሸሩ አምፖሉ የተቃጠለ ይመስለዋል። መፍትሔው ለኤል.ኢ.ዲ. የሚስማማ ፍላሸር መግጠም ነው። በኮምፒዩተር የሚቆጣጠር መኪና ከሆነ ግን ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል።

ሌሎች መንገደኞች የሚያዩት የውጭውን መብራት እንጂ ቀስቷን አይደለም። ስለዚህ ምቱ ሲፈጥን ጉዞ ከመቀጠላችን በፊት ወርደን አምፖሎቹን እንመልከት፤ ፍላሸር ለመግዛትም ከዚያ በኋላ እንወስን።