ከስቴም ሴል ንቅለ ተከላ በኋላ የታማሚው ምግብ በመንዝ ደጋ

የደም ካንሰርና ተመሳሳይ ሕመሞች ያሉባቸው አንዳንድ አዋቂዎች የመዳን ተስፋ የሚያገኙት በስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ነው። በዚህ ሕክምና የታማሚው የአጥንት መቅኔ በከፍተኛ መጠን በሚሰጥ የኬሞቴራፒ መድኃኒት፣ አንዳንዴም በጨረር እንዲመነምን ይደረጋል። ከዚያም ከራሱ አስቀድሞ የተሰበሰበ ወይም ከሌላ ሰው የተለገሰ ደም አመንጪ ሕዋስ በደም ሥሩ በኩል ይሰጠዋል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1957 በሰው ላይ ከሞከሩት ቀዳሚዎች መካከል የሆኑት አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

ሕክምናውን ፍለጋ እንደ ሕንድ ወዳሉ አገሮች የተጓዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ታካሚው ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው የአመጋገብ ምክር ግን ለሌላ አገር ወጥ ቤት የተጻፈ ነው። ገብስ፣ ባቄላና በግ የኑሮው መሠረት በሆኑበት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጠው የጓሳ አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ ምክሩን ከራሱ ማዕድ ጋር ማስማማት ይኖርበታል።

የኬሞቴራፒ መድኃኒቱ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ አያጠቃም። የአፍን፣ የጉሮሮንና የአንጀትን ስስ ሽፋን ጭምር ያቆስላል። በመሆኑም ከንቅለ ተከላው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ታማሚው መዋጥ ይቸግረዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ያስቀምጠዋል፤ የምግብ ጣዕምም ይጠፋበታል። ሰውነቱ ቁስሉን ለመጠገን ከወትሮው የበለጠ ምግብ በሚፈልግበት በዚህ ወቅት የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል። ክብደቱ ክፉኛ የቀነሰ ሰው የማገገም አቅሙ ስለሚዳከም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለታካሚው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ካሎሪና ከ1 ነጥብ 2 እስከ 1 ነጥብ 5 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመክራሉ። በአፍ መመገብ ካልተቻለ በአፍንጫ ወደ ጨጓራ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ አንጀት ጨርሶ እምቢ ሲል ደግሞ በደም ሥር እንዲመገብ ይደረጋል።

ስሌቱን ወደ ቤት እናምጣው። 55 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በቀን እስከ 80 ግራም የሚደርስ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ሦስት እንቁላልና ሦስት ብርጭቆ ወተት የዚህን ግማሽ ያህል ይሸፍናሉ። ቀሪውን ከሽሮ፣ ከባቄላ ክክና ከበግ ሥጋ ማሟላት ይቻላል። አፍ በቆሰለበት ሰሞን ቆሎና በርበሬ የበዛበት ወጥ አይሆኑም፤ የገብስ አጥሚት፣ በንጥር ቅቤ የለሰለሰ ገንፎና አልጫ ግን ይስማማሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከማቅረብ ይልቅ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይመረጣል።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ንጽሕና ነው። አዲሱ መቅኔ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ ያንሳሉ። ሕዋሱ ከሌላ ሰው የተለገሰ ከሆነ ደግሞ በሽታን የመከላከል አቅም ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልበሰለ ዱለት፣ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የተዘጋጀ እርጎ የተከለከሉ ናቸው። ጠላና አረቄም እንዲሁ። በሶ የሚበጠበጠው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ የደጋው ከፍታ የራሱ ጣጣ አለው። በባሕር ጠለል ደረጃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ ውሃ በጓሳ ከፍታ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ቦታ የመጠጥ ውሃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ እሳት ላይ እንዲቆይ ይመከራል። ሥጋና ጥራጥሬም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ በደጋ ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል የመንዝ እናቶች ሳይንሱን ሳይጠብቁ ያውቁታል።

ቀደም ሲል ለእነዚህ ሕሙማን ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ሁሉ ይከለከል ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የጣሊያን ሆስፒታሎች ጥናት ጥብቅ ክልከላው ከኢንፌክሽን የተሻለ መከላከያ እንዳልሆነ አመልክቷል። ይህ ማለት ሰላጣን ከወንዝ ውሃ አጥቦ ማቅረብ ይቻላል ማለት አይደለም። በቤት ውስጥ ሙዝና ብርቱካንን የመሳሰሉ ተልጠው የሚበሉ ፍራፍሬዎች ይሻላሉ። ግሬፕ ፍሩት ግን ሳይክሎስፖሪንንና ታክሮሊመስን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን መጠን በደም ውስጥ ከልክ በላይ ስለሚያሳድግ ሊቀርብ አይገባም። የባሕል መድኃኒትም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰድም።

ልማዳችንም መታሰብ አለበት። ጠያቂ የሚያጎርሰው ጉርሻ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ለዚህ ታማሚ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ለሁለትና ሦስት ወራት ለብቻው በንጹሕ ሳህን ቢመገብ ቅር ሊሰኙበት አይገባም። በጾም ወራት እንቁላልና ወተት መተው የፕሮቲኑን ግማሽ ስለሚያጎድል፣ ጾመኛው አስቀድሞ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ሊመክር ይገባል።

የተለገሰው ሕዋስ የተቀባዩን አንጀት በባዕድነት የሚያጠቃበት ጊዜም አለ። ብዙ ውሃማ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ከታየ ወይም የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ምግብ በመለዋወጥ ጊዜ ሳይባክን ታማሚው በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ቤተሰቡ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ዝርዝርና በየሳምንቱ የተመዘነውን ክብደት ይዞ ቢሄድ የሐኪሙን ሥራ ያፋጥናል።