የቀደምት ሕንፃዎችን የብረት ፍርግርግ መልሶ መሥራትና ከዝገት መከላከል

በቀደምት ሕንፃዎች በረንዳ፣ ደረጃና አጥር ላይ የሚታየው የብረት ፍርግርግ የሕንፃው ቅርስነት አካል ነው። ሆኖም ብረቱ ሲዝግ ተነቅሎ በገበያ ላይ በተገኘ ቱቦላሬ የሚተካበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንድ ጊዜ የጠፋውን መመለስ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የለንደን ከተማ ታሪክ ያሳያል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለጦርነቱ ብረት ለማሰባሰብ በሚል የአደባባዮችና የመኖሪያ ቤቶች ፍርግርግ በስፋት ተቆርጦ ተወስዷል። በአንዳንድ ሥፍራዎች ዛሬም የሚታየው በድንጋዩ ውስጥ የቀረው የብረቱ ጉቶ ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀምረው የብረቱን ዓይነት በመለየት ነው። በእሳት ግሎ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ብረት ሲጎብጥ አይሰበርም። ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የፈሰሰ ብረት ግን ተሰባሪ ስለሆነ በመዶሻ ሊቃና አይችልም፤ ያለ ልዩ ጥንቃቄ ከተበየደም ይሰነጠቃል። ቀልጦ የሚሠራ ጌጥ ሲባዛ ልብ ሊባል የሚገባው ብረቱ ሲቀዘቅዝ በመቶ 1 ያህል የሚኮማተር መሆኑ ነው። ስለዚህ አሮጌው ጌጥ ራሱ ለቅርጽ ማውጫነት ካገለገለ አዲሱ ያንሳል፤ በ1 ሜትር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጎድላል። ዛሬ ዋናውን ቁራጭ በሌዘር ስካነር ለክቶ፣ መጠኑን በኮምፒውተር በዚሁ ልክ በማሳደግ ማስተካከል ይቻላል።

በሌዘር ከላሜራ የሚቆረጥ ጌጥ ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም ጠፍጣፋ በመሆኑ የአንጥረኛው እጅ የሠራውን ድምቀት አይተካም። የጠርዙ ሹልነትም ሌላ ችግር ያስከትላል፤ ቀለም በሹል ጠርዝ ላይ ስለሚሳሳ ዝገት የሚጀምረው ከዚያው ነው። ጠርዙን ማለዘብ አነስተኛ ሥራ ቢመስልም የቀለሙን ዕድሜ ያራዝማል።

አስተማማኙ መከላከያ አዲሱን ብረት 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ መንከር ነው። ዚንኩ ሽፋን ብቻ ሳይሆን ቀለሙ ሲጫር ከብረቱ ቀድሞ ራሱ በመበላት ብረቱን ያድናል። በዓለም አቀፉ የአይ.ኤስ.ኦ 1461 ደረጃ መሠረት ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ባለው ብረት ላይ የሽፋኑ አማካይ ውፍረት ከ85 ማይክሮን ማነስ የለበትም። ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ከመነከሩ በፊት መተንፈሻ ቀዳዳ ሊበጅለት ይገባል፤ ካልሆነ የታመቀው እርጥበት በእንፋሎት ኃይል ሊፈነዳና ሠራተኞችን ሊጎዳ ይችላል። ቀለም የሚቀባውም የዚንኩ ገጽ በጥቂቱ ከሻከረ በኋላ ነው፤ በለሰለሰ ዚንክ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል።

ዝገት ከብረቱ ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ በድንጋይ ውስጥ የተተከለ እግር ሲዝግ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። በመሆኑም ውኃ በእግሩ ዙሪያ እንዳይቋጥር ተዳፋት ሊሠራለት ይገባል። አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር በደረቁ መፋቅም ሆነ በእሳት ማቃጠል አይገባም፤ ብናኙና ጭሱ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው።

በቅርስነት በተመዘገበ ሕንፃ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ጥገና በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት አስቀድሞ ፈቃድ ሊያገኝ ይገባል። ባለይዞታዎች ብረቱን ከመንቀላቸው በፊት እያንዳንዱን ክፍል ፎቶግራፍ እንዲያነሡ፣ ቁጥር እንዲሰጡትና ቢያንስ አንዱን ቁራጭ ሳይጠገን እንዲያስቀምጡ ይመከራል።