ብርሃን በቀጥታ መስመር መጓዙን በጣሳ ስለ ማሳየት

«ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተማሪዎች ለፈተና ሲሉ በቃላቸው ይይዙታል። ይሁን እንጂ ምን ማለት እንደ ሆነ በዓይናቸው ሳያዩ ክፍሉን የሚያልፉት ጥቂቶች አይደሉም። ለዚህም ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የቤተ ሙከራ ዕቃ እጥረት ነው። ለዚህ ትምህርት ግን ምክንያቱ አያስኬድም፤ አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ይበቃልና።

በጣሳው መቀመጫ መካከል በቀጭን ሚስማር አንድ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። አፉ ደግሞ የምግብ ዘይት በተቀባ ስስ ወረቀት ተሸፍኖ በክር ይታሰራል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ጣሳው በጎኑ ተጋድሞ፣ የበራ ሻማ ከቀዳዳው ትክክል አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ሲቆም፣ የነበልባሉ ምስል በወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ይታያል።

የመገለበጡ ምክንያት የትምህርቱ እምብርት ነው። ከነበልባሉ ጫፍ ተነሥቶ በቀዳዳው የሚያልፈው ጨረር ቁልቁል የሚወርድ ስለ ሆነ፣ ሳይታጠፍ ጉዞውን ሲቀጥል የሚያርፈው በወረቀቱ የታችኛው ክፍል ነው። ከሥሩ የሚነሣውም በአንጻሩ ወደ ላይ ይወጣል። ሻማው ወደ ቀኝ ሲገፋ ምስሉ ወደ ግራ የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። በ11ኛው መቶ ዓመት በካይሮ ይኖር የነበረው ሊቅ ኢብን አል ሃይሠምም የብርሃንን ጉዞ የመረመረው በመብራቶችና በአንድ ቀዳዳ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ የሚደረገው ነው። ከመጀመሪያው ቀዳዳ አጠገብ ሁለተኛ ሲበሳ ሁለት ነበልባል ይታያል፤ ሦስተኛ ሲጨመር ሦስት ይሆናል። ቀዳዳዎቹ እየበዙ ሲሄዱ ምስሎቹ ይደራረቡና በወረቀቱ ላይ የሚቀረው ቅርጽ የሌለው ብርሃን ብቻ ነው። በመስኮት የሚገባው ብርሃን የውጭውን ዛፍ በግድግዳ ላይ የማይሥለው ለምን እንደ ሆነ ተማሪ ቢጠይቅ መልሱ ከዚህ ይገኛል፤ መስኮት እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች በአንድነት እንደ ማለት ነውና። መምህሩ ይህን ቀድሞ ባይናገር ይመረጣል።

ሙከራው በፀሐይም ሊደገም ይችላል። ፀሐይን በቀዳዳ አሾልቆ መመልከት ዓይንን ስለሚያጠፋ ፈጽሞ መከልከል አለበት፤ ተማሪው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ምስሉን ብቻ ይመለከታል። ከቀዳዳው 1 ሜትር በራቀ ነጭ ወረቀት ላይ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ይወጣል። ቀዳዳው ባለ ሦስት ማዕዘን ቢሆንም እንኳ፣ ትንሽ እስከ ሆነ ድረስ፣ ምስሉ ክብ ነው፤ ቅርጹ የፀሐይ እንጂ የቀዳዳው አይደለምና። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ቀለበታዊ ሆኖ እንደ ታየው ባለ የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜም፣ ጨረቃ ፀሐይን በከፊል ስትሸፍን፣ በዛፍ ቅጠሎች መካከል ሾልኮ ከመሬት የሚያርፈው ብርሃን ሁሉ የማጭድ ቅርጽ ይይዛል።